የዘጠኝ ሰዓት ታማሚዎች

ሰኞ፣ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሞጣ

ከቢቸና ጠዋት አንድ ሰዓት ተነስቼ ሞጣ የገባሁት ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስወርደው ፈተሹን። በየሳምንቱ ቤቴ እመለሳለሁ ያልኩት ነገር እንደማይሆን ሚኒባሱ ውስጥ እያለሁ ገባኝ። ባለቤቴ ፅጌረዳ "እስከ ፋሲካ ላናይህ ነው" ስትል መሳቄ በከንቱ ነው።

የጤና መድን ክፍያ አጣሪ ነኝ። ሆስፒታሉ ለመድን አባላት የሰጠውን አገልግሎት በኮድ ጽፎ ክፍያ ይጠይቃል፤ እኔ ኮዱ እውነት መሆኑን አጣራለሁ። ዘንድሮ አዲስ ነገር መጥቷል። ለመገጣጠሚያ በሽታ የሚሆን፣ ከሕያው ሕዋስ የሚሠራ፣ እንደ ግሉኮስ በደም ሥር ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ውድ መድኃኒት ለሙከራ እዚህ ገብቷል። መድኃኒቱ የመንግሥት ነው፤ ሆስፒታሉ የሚጠይቀው የሰጠበትን ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ኮድ 41 ይባላል። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት ኮድ 42። ከአሥራ አንድ ተኩል፣ ማለትም ከሥራ ሰዓት ካለፈ ደግሞ ኮድ 47 ይጨመራል፤ ዋጋው እጥፍ ነው።

አለቃዬ አቶ ባየ ሲሸኙኝ "47ን ተጠንቀቅልኝ" ብለውኛል። ለኔ ተጠንቀቅ አይባልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

መዝገቡን አየሁ። መድኃኒቱን የሚወስዱት አምስት ሰዎች ናቸው። በጥር ወር የጀመሩት ሁለቱ የገቡት ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ነበር። ከየካቲት 9 ወዲህ ግን አንድም የጠዋት ሰው የለም። 9፡40፣ 9፡35፣ 9፡45። መድኃኒቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ታማሚውን መጠበቅ አለ። ስለዚህ ሁሉም አሥራ አንድ ተኩልን ያልፋሉ። ሁሉም ላይ 47 አለ። ጽሕፈቱ የአንድ ሰው ነው፤ ሲስተር ሥርጉት ትባላለች።

ከየካቲት 9 ወዲህ ምን ተፈጠረ? ጠየቅኩ። የካቲት 6 የኮድ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር አሉኝ። በቃ። አንድ ሰው 47 የሚባል ነገር መኖሩን አወቀ፣ በሦስተኛው ቀን ሥራ ላይ አዋለው። እንዲህ ቶሎ ይደረስበታል ብላ አልጠበቀችም ይሆናል።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ሲስተር ሥርጉትን አገኘኋት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰው ፊት የማትስቅ። "ምን ልርዳህ?" አለችኝ። ሰዓቶቹ ለምን ከዘጠኝ በኋላ ሆኑ አልኳት። "ታማሚዎቹ የሚመጡት ያኔ ነው" አለች። ለምን ያኔ ይመጣሉ አልኳት። "ይመቻቸዋል።" ዓይኔን ሳታይ ነው ይህን ያለችው። ጻፍኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ፅጌረዳ ደወለች። ልጆቹ ደህና ናቸው። ምን ትበላለህ አለችኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ፍርፍር እበላለሁ አልኳት፤ ጨጓራዬ ባዶ ሆድ አይወድም። "ጨጓራህ እኮ ጾም ሲገባ ታሞ በፋሲካ ማግስት የሚድን ነው" አለችኝ። እሷ ሁልጊዜ ትቀልዳለች። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ማነው አልኳት። "ሬዲዮ ነው፣ እሱንም ጠርጥረው" ብላ ዘጋችው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ጀምሮ መድኃኒት ቤቱ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የመድኃኒቱ ክፍል በር ይታያል። ወንበሩ ባዶ ነው። ሲስተር ሥርጉት ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ ሕፃን ትመዝናለች፤ ወደዚያ ወንበር ግን አንድም ሰው አታስገባም። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፤ ባዶ።

ዘጠኝ ተኩል ሲል አንድ ሽማግሌ መቋሚያ ተደግፈው መጡ። ነጭ ጥምጥም፣ ያበጡ ጣቶች፣ እግራቸውን እየጎተቱ። መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል እንደሆኑ ካርዳቸው ይላል፤ ከከተማው ዳር ባለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው። ሥርጉት ወጥታ ተቀበለቻቸው። ከዚያ ያየሁትን እንዳየሁት ልጻፍ፤ ምሳ ዕቃ ሰጠቻቸው። የኔታ ጥጉ ላይ ተቀምጠው በሉ፣ ቀኑን ሙሉ እህል እንዳልቀመሰ ሰው። ውሃ አጠጣቻቸው። ከዚያ በኋላ ነው ወንበሩ ላይ ያወጣቻቸው። የሰማሁት ይህን ነው፤

"ከዘጠኝ በፊት እንዳትነኪኝ ብዬሽ ቃልሽን ጠበቅሽ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።"

"እሱን ለኔ ይተዉት። ብቻ ለማንም እንዳይናገሩ፤ እንዳሉኝ እኔም አልናገርም።"

ስምምነት አለ ማለት ነው። ምስጢርም አለ። ምሳ ዕቃውስ? ለታማሚ ምግብ የሚያቀርብ ነርስ የት አለ? የሚሰጥ ሰው የሚቀበለው ነገር አለው።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ደብዳቤውን ጻፍኩ። 47 ያለባቸው ስምንት ቅጾች ሁሉ ተመላሽ ተደርገዋል። ምክንያት፦ "ባለሙያዋ ሆን ብላ የሕክምናውን መነሻ ሰዓት እንደምታዘገይ ጥርጣሬ አለ።" ለአቶ ባየ በስልክ አነበብኩላቸው። "ጎበዝ፣ ሉማሜን ረስተህ ይሆን ብዬ ነበር" አሉኝ።

ሉማሜ እንዴት ይረሳል። እዚያ በሠራሁበት ዓመት አንድ የጤና ተቋም በሞቱ ሰዎች ስም ስድስት ወር ሙሉ ክፍያ ሲጠይቅ እኔ እየፈረምኩ አሳለፍኩ። ሰዎቹ ፊቴ ላይ ይስቁ ነበር፣ ምሳ ይጋብዙኝ ነበር፣ ስሜን አቆላምጠው "ምንዬ" ይሉኝ ነበር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዬ ዛሬም ማኅደሬ ውስጥ አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉኝ ይሆናል። ይበሉ። ዳግመኛ ማንም "ምንዬ" እንዲለኝ አልፈቅድም።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሽማግሌው ጣቶች ይታዩኛል። የጥርጣሬ ሥራ ይህ ነው፤ ያየኸው ሁሉ ይከተልሃል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ዛሬ እስከ ምሽት ጠበቅኩ። አንዷ ታማሚ፣ ወይዘሮ ዘምዘም፣ ከገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ መዝገቡ ላይ የሳቸው ሰዓት ከምሽቱ አንድ ነው ይላል። እውነትም አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን መጡ፣ ግቢው ውስጥ ቴምር ቀመሱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሰገዱ፣ አንድ ሰዓት ላይ ገቡ። "ጀምበር ሳትጠልቅ እጄን አልሰጥሽም ብዬ አስቸገርኩሽ፣ አይደል?" ሲሉ ሰማኋቸው። ሥርጉት የምትሠራው ከጠዋት ጀምሮ ነው፤ እስከ ምሽቱ አራት ቆየች።

የሳቸውስ ገባኝ። ረመዳን ነው። መርፌው ምግብ ባይሆንም፣ በሽተኛም አይገደድም ቢባልም፣ ሰው ለጾሙ ይሳሳል። ይህን የማይረዳ ሞኝ አይደለሁም።

ግን የቀሩት አራቱ ክርስቲያኖች ናቸው። የእነሱስ ምክንያት ምንድነው? እዚህ ላይ ነው የምይዛት። በአንዲት እውነተኛ ምክንያት ጥላ ሥር አራት ሐሰተኛ ሰዓት አስጠልላለች። ለማንኛውም ኮዱ ሃይማኖት አያውቅም፤ የወይዘሮ ዘምዘምንም መለስኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ማስታወቂያ አስለጠፈ። ከዛሬ ጀምሮ ይህ መድኃኒት ከስምንት ሰዓት በኋላ አይጀመርም፤ ታማሚዎች ጠዋት ይምጡ፣ ያልመጣ ተራው ያልፈዋል። የሲስተር ሥርጉት ጉዳይ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ይታያል። በኔ ደብዳቤ ነው። እሷ ማስታወቂያውን ቆማ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። ወደኔ አልዞረችም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ሁለት ነገር አጣራሁ።

አንደኛ፣ ባዶ ጠርሙሶቹን ቆጠርኩ። መድኃኒቱ እየተሸጠ ይሆናል ብዬ ነበር። ቁጥሩ ልክ ነው። መለያውም ከካርዱ ጋር ልክ ነው።

ሁለተኛ፣ የሂሳብ ክፍሉን የትርፍ ሰዓት ዝርዝር አየሁ። የ47 ክፍያ ለሆስፒታሉ ነው የሚገባው። ሥርጉት የትርፍ ሰዓት አልጠየቀችም። ከየካቲት 9 ወዲህ አንድም ቀን። እስከ ምሽት የቆየችባቸውን ቀኖች እንኳ አላስመዘገበችም።

ታዲያ ምን ትጠቀማለች? ሰው በነፃ እስከ አራት ሰዓት አይቆይም። የማላውቀው ጥቅም አለ ማለት ነው፤ የማይታይ ጥቅም ደግሞ ከሚታየው ይከፋል።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መልሼ አነበብኩት። ፅጌረዳ ብታየው ምን እንደምትል አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ዛሬ ቢሮዬ መጣች። ቢሮዬ ማለት ካርድ ክፍሉ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ናት። በሩን ዘጋች።

"አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት" አለች። "የሚቀጥለው ማክሰኞ የመሪጌታ ተራ ነው። ሦስተኛው ነው፤ ቢያልፋቸው የእስካሁኑ ድካም ከንቱ ነው፣ እግራቸው ተመልሶ ይታሰራል። የሳቸውን ብቻ በዘጠኝ ሰዓት ፍቀድልኝ። ከፈለግህ 47ቱን አልጽፈውም።"

"ለምን በዘጠኝ? ምክንያቱን ንገሪኝና እፈቅዳለሁ።"

"የታማሚ ምስጢር ነው። ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ምስጢር ያለበት ቦታ ነው እኔ የምገባው" አልኳት። ሳስበው ጥሩ አነጋገር መስሎኝ ነበር።

ወደ በሩ ዞራ እንደገና አየችኝ። "የቢቸና ልጅ አይደለህም እንዴ? ዲያቆን ነበርክም አሉ። በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ምን እንደሆነ ለአንተ እኔ ልንገርህ?"

ተነስቼ በሩን ከፈትኩላት። ወጣች።

ዲያቆን እንደነበርኩ ማን ነገራት? ሞጣ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ስለኔ እያጠያየቀች ነው። የተከሰሰ ሰው ከሳሹን ማጥናት ሲጀምር የያዘው ነገር አለ። ድቁናውን የተውኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለምን እንደተውኩት ከሷ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ከማንም ጋር።

በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት። ምን ማለቷ ነው? ቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ታዲያ ምን ይሁን? የታመመ ሰው ጠዋት ይታከማል፣ ከዚያ ያስቀድሳል። ምን ያጣላቸዋል?

እሁድ፣ መጋቢት 20

ቀኑን ሙሉ ከክፍሌ አልወጣሁም። አንድ ነገር ትዝ እያለኝ ነው፤ ልጽፈው አልፈልግም። ማክሰኞ ሽማግሌው ካልመጡ ነገሩ ይረጋገጣል። ከመጡም ይረጋገጣል፤ ጠዋት መምጣት ይችሉ ነበር ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22፣ ጠዋት

2፡45። መጡ። ወንበሩ ላይ ናቸው። ምሳ ዕቃ የለም። ሥርጉት እጇ እየሠራ እንባዋ ይወርዳል። 41፣ 42። 5፡45 ላይ ያልቃል፤ 47 የለም። መቻሉንስ ይችሉ ነበር። ያልኩት ሆነ።

እዚያው ቀን፣ ማታ

ያልኩት ሆነ ብዬ የጻፍኩትን ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። ይቀመጥ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ወደ ደብሩ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ወሰደኝ ልበል። ቅዳሴው ተጀምሯል። ሕዝቡ በነጠላ ተከናንቦ ይገባል። የኔታ ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ከግንቡ ሥር፣ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ቆመዋል። ፊታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ግራ እጃቸው ላይ ሥርጉት የለጠፈችው ጥጥ አለ፤ በጋቢያቸው ሸፍነውታል፣ ንፋሱ ይገልጠዋል።

ተማሪዎቻቸው እየመጡ ጉልበታቸውን ይስማሉ። አንዱ ጠየቃቸው። "የኔታ፣ አይገቡም እንዴ?"

"ዛሬ ከውጭ እሰማችኋለሁ። ግቡ፣ ዜማውን አታጉድሉ።"

ተማሪዎቹ ተያዩ። አንድ መሪጌታ በዐቢይ ጾም፣ ቅዳሴ እየተቀደሰ፣ ከቅጥር ውጭ ሲቆም የሚያይ ሰው ምን እንደሚያስብ የጎጃም ሰው ያውቃል። ምን ኃጢአት ሠሩ ነው የሚለው። እኔም ያኔ ነው እሁድ ልጽፈው ያልፈለግኩትን ነገር እያወቅኩ እንደነበር ለራሴ ያመንኩት። ደሙ የፈሰሰ ሰው አይገባም። ይህን ዲያቆን ሳለሁ ለስንቱ ነግሬዋለሁ፤ እጁን የቆረጠውን ሁሉ በር ላይ የምመልስ እኔ ነበርኩ።

ቀረብኩና እንዴት ዋሉ አልኳቸው።

"አጣሪው አይደለህም?" አሉኝ። ቁጣ የለበትም።

"ነኝ።"

"ልጅቱን ምን አደረጓት?"

"ገና አልተወሰነም።"

"እንግዲህ መጣሁላችሁ። ከእንግዲህ አትንኳት።" ጥጡን በጋቢያቸው መልሰው ሸፈኑት። "መርፌው ሲገባ ደም ይወጣል፤ ደሜ ከፈሰሰ አልገባም። የሚንጠባጠበውም በአፌ ባይሆን በሥሬ ገብቷል፤ ለኔ ጾሜ ፈርሷል። ለሌላው ሰው አልፈርድም፣ ይህ የኔ ነው። ስለዚህ አስቀድሼ፣ ጠበል ጠጥቼ፣ ከዚያ ውጊኝ አልኳት። እሷም እሺ አለችኝ። ለሰው እንዳትነግሪ ያልኳትም እኔ ነኝ። ንስሐ አባቴ ከሰሙ በሽተኛ ነህ ብለው ጾሙን ይፈቱብኛል። እሳቸው ከፈቱት ደግሞ መብላት ግዴታዬ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሁዳዴ ቅዳሴ አልታጎለብኝም።"

"ለምን ለኔ አልነገሩኝም?" አልኳቸው። ድምፄ የሕፃን ድምፅ ሆነብኝ።

"አንተስ መቼ ጠየቅከኝ? ከአግዳሚው ላይ ሆነህ ታየኛለህ፣ ትጽፋለህ። እኔ ደግሞ ታማሚ መስለኸኝ እጸልይልህ ነበር።"

ከውስጥ ዜማው መጣ። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉት። እግራቸው እንዳልተንቀጠቀጠ አየሁ፤ መድኃኒቱ ሠርቷል። ቆመው ማስቀደስ እንዲችሉ የተሰጣቸው መድኃኒት ነው ከቅጥሩ ውጭ ያቆማቸው። እኔ ነኝ ያቆምኳቸው።

"በሚቀጥለው በዘጠኝ ሰዓት ይምጡ" አልኳቸው። "እኔ ራሴ እፈርማለሁ። ማንም ጠዋት ይምጡ አይልዎትም።"

"የሚቀጥለውማ ግንቦት ነው" አሉ። "ያኔ ጾሙ የት አለና። በጠዋት እመጣለሁ።"

ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገባቸው ቆምኩ። ሕዝቡ ሲወጣ ሁለታችንንም ተመለከተን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

አቶ ባየ ደወሉ። "አስተካከልካቸው፣ አይደል? ከዘጠኝ በኋላ የሚመጣ የለም አሉኝ።" የመለስኳቸውን ቅጾች በሙሉ ማጽደቅ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ምክንያት አሉኝ። ሰዓቶቹ እውነት ናቸው አልኳቸው። "እውነት መሆናቸውንማ ድሮም አልካድክም፤ ለምን ዘገዩ ነው ያልከው። ለምን ዘገዩ?"

መልስ ነበረኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ቅጹ ላይ ከጻፍኳት በኮሚቴ ትነበባለች፣ ከኮሚቴ ወደ ከተማ ትወጣለች፣ ማታውኑ የየኔታ ንስሐ አባት ቤት ትደርሳለች። ፋሲካ ሊገባ የቀረው አሥር ቀን ነው፤ የኔታ የሚያስቀድሱት ገና አለ። አላውቅም አልኳቸው።

ከዚያ በምክንያት ረድፍ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "አጣሪው ታማሚዎቹን ሳይጠይቅ ጠርጥሯል። ባለሙያዋ ጥፋት የለባትም።" ከሥሩ ምንይሉ ብዬ ስሜን ሙሉውን፣ ሰው በሚያነበው ጽሕፈት ጻፍኩ። ለአቶ ባየ አነበብኩላቸው። "ይህ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያህ ነው። ሦስተኛ የለም" አሉና ዘጉት። ለፅጌረዳ ነገርኳት። እሷ እንኳን አልቀለደችም። "ደግ አደረግህ፣ ና በቃ ወደ ቤትህ" አለችኝ።

ግልባጩን ለሲስተር ሥርጉት ወሰድኩላት። አነበበችው፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ ወደ ቁስል ማጠቢያው ተመለሰች። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር፤ አራት ሰው ተሰልፏል።

የቀረኝ አንድ ቅጽ ነው፤ የመጋቢት 22ቱ። የሌሎቹን ሁሉ መልሼ አቃናሁ። ይህንን ግን ምን አድርጌ ላቃናው? 41 አንድ ጊዜ። 42 አንድ ጊዜ። 47 ባዶ። መነሻ ሰዓት 2፡45። እዚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ በዓይኔ ያየሁት ነው። የሚመለስ ነገር አልተገኘበትም። ፈረምኩ።